የዚያ ዓመት ባለቤት

ጉድጓዱ የደረቀበት መንደር አይቻለሁ፤ ቄስ የሌለውም መንደር አይቻለሁ። ዓመት የሚቆጥርላችሁ ሰው የሌለበት መንደር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። መቼ እንደተወለዳችሁ ከእናታችሁ ይልቅ እሱ ያውቃል። አያታችሁ በየትኛው ድርቅ እንዳገቡ፣ የጎረቤታችሁ አጥር ከየትኛው ጎርፍ በኋላ ወደ ግቢያችሁ አንድ ክንድ እንደገባ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ጠይቃችሁት ከሆነማ የያዛችሁትን ጉዳይ ለነገ አሳድሩት።

የእኛዋ ሞሮካኔ ለዚህ ሹመት ያቀረበችው ክቡር ራ ጋሌቦዌን ነው። እኛ አገር የከበረ ወንድ «ራ»፣ የከበረች ሴት «ማ» ይባላሉ። ለራ ጋሌቦዌ ግን ይህ ብቻውን ያንሳል። በልባችን «የዘመናት ጠባቂ» የሚል እንጨምርበታለን፤ እሳቸው በአጠገባችን ሲያልፉ ደግሞ ሥራ እንደበዛበት ሰው አንገታችንን እንደፋለን።

ሙያቸው በዓመታት ሁሉ ላይ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ዓመት ላይ ብቻ ነው። ነጮቹ 1896 ብለው የሚጽፉት፣ እኛ ግን ከዝናብ እስከ ዝናብ ስለምንቆጥር ጥቂት ወዲህና ወዲያ የሚልብን ያ ዓመት የራ ጋሌቦዌ ርስት ነው። ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ዓመት ኖረዋል። ስለ ስልሳው ብትጠይቋቸው «ደህና ነበር» ብለው ያልፉታል። የመንደራችን ወጣቶች ባሕር ተሻግረው ስለዘመቱበት ስለ ትልቁ የዓለም ጦርነት አንድ ቀን ባነሳባቸው፣ «አዎ፣ ተዋግተዋል መሰለኝ» አሉኝና ወደ ዓመታቸው ተመለሱ።

ለዚህ ጥፋተኛው አንድ የሞተ ሚስዮናዊ ነው። ሲሞት ከተዋቸው ዕቃዎች መካከል የዚያ ዓመት ወርኃዊ መጽሔቶች፣ ዐሥራ ሁለቱም በአንድ ላይ ተጠርዘው፣ በራ ጋሌቦዌ እጅ ገቡ። ስለዚህ ዓለምን የሚያውቋት በዚያ ዓመት ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ጠንቅቀው ያውቋታል። በዚያ ዓመት ግሪክ አገር ሰዎች ከየአገሩ ተሰብስበው ሮጡ። ጀርመን አገር ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያሳይ ጨረር መገኘቱ ተሰማ። ጃፓን ሰዎች በዓል ላይ ሳሉ ባሕሩ ተነስቶ መንደር ጠርጎ ወሰደ። እዚሁ ደጃችን ደግሞ ነጭ ፈረሰኞች የቦሮችን፣ የሌሎቹን ነጮች፣ አገር ሊይዙ ጋልበው ሄደው ተማርከው ቀሩ። ራ ጋሌቦዌ ይህን ሁሉ የሚያወሩት የጎረቤት ጠብ እንደሚያወሩ አድርገው ነው።

«ረጅሙን ሩጫ ማን አሸነፈ?» ይላሉ። እስክትመልሱ አይጠብቁም። «ውሃ ቀጂ! የሀብታም ልጆች ከኋላው ሲያለከልኩ፣ ውሃ ቀጂ!»

ዓለም እንዲያ ስትሆን ሞሮካኔስ ምን ሆነች? እዚህ ላይ ቀኝ እጃቸው ይነሳል። አውራ ጣት፣ አንበጣ። ሌባ ጣት፣ የከብት እልቂት፤ «ደስታ» የሚሉት በሽታ፣ የማን ደስታ እንደሆነ እንጃ። መሃል ጣት፣ ከምዕራብ ከበረሃው የመጡት ረሃብተኞች። የቀለበት ጣት፣ ባቡር። ትንሿ ጣት ሥራ የላትም፤ ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው ፊት ትወዛወዛለች።

እኔ የሚስዮኑ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። አንድ ጠዋት ለልጆቹ «ከብቶቹ ካለቁ በኋላ አንበጣው መጣ» ብዬ ሳልጨርስ፣ በመስኮቱ አንድ እጅ ገባ። እጅ ብቻ። «አውራ ጣትህ የት ሄደ፣ መምህር?» አለኝ እጁ። ልጆቹ የሳቁት ሳቅ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ አልበረደም።

ቄሱም አልተረፉም። በአንድ ቀብር ላይ፣ ሟች ባቡሩ በመጣ ሰሞን እንደተወለዱ ሲናገሩ፣ ራ ጋሌቦዌ ከሰው መሃል «በፊት!» አሉ። «ባቡሩን ያየው አንገቱን ችሎ ነው!» ቄሱ አፈሩን በእጃቸው እንደያዙ ጉዳዩ እስኪጣራ ቆሙ። ሟችም ጠበቁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሞአጊ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ላይ የደረሰው ነው። ትንሽ ሳለ ባቡሩን ከረሃብተኞቹ አስቀደመ። ራ ጋሌቦዌ ከዛፍ ሥር በአንድ እግሩ አቆሙትና ከብቶች ከግጦሽ እስኪመለሱ አላስቀመጡትም። «ረሃብተኛ በባቡር አልመጣም!» እያሉ። «በእግሩ ነው የመጣው! አንተም እግር ምን እንደሆነ እወቅ!»

ይህ ሞአጊ አድጎ ጆሃንስበርግ ማዕድን ገባ፤ ባለፈው ክረምትም ሊያገባ ተመለሰ። ክፉ ልጅ አይደለም። ቤት መሥሪያ ቦታ ግን ያስፈልገው ነበር፤ ዓይኑም ያረፈው በማ ቲሮ ግቢ ላይ ነው።

ማ ቲሮ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ አባቷ፣ ወደ ሟቹ ራ ሌቾሎ ግቢ ተመልሳ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ስልሳ ዓመት ሆኗታል፤ አንቱ ስላት «አንቱታህን ለቄሱ ውሰድላቸው» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። የግቢዋን ግድግዳ በየዓመቱ በአፈርና በእበት ትለቀልቅና እርጥቡን በጣቷ ታስጌጠዋለች፤ ሙሽሮች እሱን ለማየት ይመጣሉ። ሞአጊ የሌቾሎ ወንድም የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ሊሞቱ ሲሉ ነገሩኝ አለ፦ ማ ቲሮ የሌቾሎ ልጅ አይደለችም፤ በዚያ ዓመት ከበረሃ ረሃብተኞች ጋር የመጣች፣ የሌቾሎ ሚስት አንስታ ያሳደገቻት ናት። በእኛ ወግ የበረሃ ሰው በጌታው ግቢ ያድራል፣ ያገለግላል እንጂ አይወርስም። ነገሩ እውነት ከሆነ ማ ቲሮ በስልሳ ዓመቷ የሰው አገልጋይ ሆና ከግቢዋ ትወጣለች።

ሸንጎው ተሰበሰበ። ወንዶቹ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው በግማሽ ክብ ተቀመጡ። ማ ቲሮ ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ፣ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሹም ራ ሴቦኒ ሁለት አሮጊቶችን ጠየቁ። ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ፦ የመጀመሪያው ባቡር በመጣ ቀን መንደሩ ሁሉ ሊያይ ወጥቶ ነበር፤ ሲያፏጭ የሌቾሎ ሚስት ያዘለቻት ሕፃን በድንጋጤ ጮኸች። ያቺ ሕፃን ማ ቲሮ ናት።

«እንግዲህ» አሉ ሹሙ፣ «በባቡሩ ቀን ሕፃኗ እዚህ ነበረች። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። የበረሃዎቹ ረሃብተኞች ከባቡሩ በኋላ ከመጡ ልጅቷ ቀድማቸዋለች፤ የሌቾሎ ልጅ ናት። ከባቡሩ በፊት ከመጡ ግን...» አልጨረሱትም። «ይህን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ አንሄድም።»

ሰው ሁሉ ወደ ራ ጋሌቦዌ ዞረ። «ወይ ጉድ፣ ዛሬ እራት የለም!» አለ አንዱ ከኋላዬ፤ ሳቅ ሆነ። ሞአጊም ሳቀ። ጉዳዩ ያለቀለት መስሎት ነበር፤ ሁላችንም እንደዚያው መስሎን ነበር። መልሱን የማያውቅ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም።

ራ ጋሌቦዌ ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«አንደኛ» አሉ፣ «አንበጣው።»

ሃምሳ ሰው ከንፈሩን አብሮ አንቀሳቀሰ።

«ሁለተኛ፣ ከብቱ።»

መሃል ጣታቸውን ይዘው ቆሙ። ወደ ዳር፣ ወደ ሴቶቹ አዩ። ማ ቲሮ መዳፏን መሬት ላይ ተክላ ልትነሳ ስትል አየኋት።

«ሦስተኛ» አሉ ራ ጋሌቦዌ ፈጠን ብለው፣ «ባቡሩ መጣ። አራተኛ፣ ከበረሃው ረሃብተኞቹ መጡ። ጨርሻለሁ።» ተቀመጡ።

አርባ ዓመት ሙሉ በቀብር፣ በሠርግ፣ በጠላ ቤትና በትምህርት ቤት መስኮት በግድ ያስጠኑንን ቅደም ተከተል ራሳቸው ዓይናችን እያየ አፈረሱት።

ሞአጊ ዘሎ ተነሳ። «ኧረ ተሳስተዋል! በዚህ ነገር በአንድ እግሬ አቁመውኛል እኮ!»

«አንተ ያኔ የት ነበርክ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«አልተወለድኩም፣ ግን...»

«እንግዲያው ቁጭ በል፣ ያልተወለደው።»

ሞአጊ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ! ለልጆቹ የምታስተምረውን ተናገር!»

ሃምሳ ጥንድ ዓይን ፊቴ ላይ አረፈ። ጣቶቼ ላይ የጠዋቱ ጠመኔ ነበር። «እኔ የማስተምረው» አልኩ፣ «ራ ጋሌቦዌ የነገሩኝን ነው። ዛሬ የነገሩኝም ይሄ ነው።»

«ከዚህ የተለየ የሚያውቅ አለ?» አሉ ሹሙ። ቄሱ የጫማቸውን ክር ይመረምሩ ጀመር። የሞአጊ እናት ልጇን እያየች ረጅም ሳል ሳለች፤ እሱም ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ግቢው ለማ ቲሮ ጸና። ለሞአጊም ከወንዙ ማዶ ቦታ እንዲሰጠው ተወሰነ።

ከሰዓት በኋላ ራ ጋሌቦዌን ላመሰግናቸው ቤታቸው ሄድኩ። ከጥላው ሥር ተቀምጠው የእንጨት ማንኪያ ይጠርባሉ። ስለ ሸንጎው አንድ ቃል ሳንነጋገር ማ ቲሮ በአጥሩ በር ገባች። ሰላምታ የለም።

«አንተ!» አለቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትላቸው የኖረች ሴት ናት። «ማን ለምኖህ ነው?»

ራ ጋሌቦዌ ማንኪያቸውን መጥረብ ቀጠሉ።

«እኔው ልነሳ ነበር። አዎ፣ ከበረሃ ነው የመጣሁት፣ ያሳደገችኝ ስትሞት ነግራኛለች፣ እናቴ ናት አዝላ ያመጣችኝ፣ ምን ታመጡ? ልላቸው ነበር። ከትናንት ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው ነው ያደርኩት።»

«ግቢውን ይወስዱብሽ ነበር።»

«ይውሰዱታ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አይ፣ መውሰዱንስ አይውሰዱት። በእጄ ነው የለቀለቅኩት። ግን እናቴስ? እኔን የሌቾሎ ሚስት ወለደችኝ ተብሎ በሸንጎ አለቀ። ያቺ ተሸክማኝ የመጣችው ሴት አልመጣችም ማለት ነው? አልነበረችም?»

ራ ጋሌቦዌ ማንኪያውን አስቀመጡ። «መጥታለች» አሉ። «ስትመጣ ያየኋት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላያትም።»

የተናገሩት እንደ ወትሮው አልነበረም። እጃቸው አልተነሳም።

«ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። የሞቱትን ከብቶች ቆዳ ከቀበሮ እንድጠብቅ አስቀምጠውኛል። ከምዕራብ አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች፤ አንቺ በሚዳቋ ቆዳ ታዝለሽ። ቋንቋዋን አላውቀውም። ጡቷን አሳየችኝ፣ ደርቋል። አንቺን አሳየችኝ። ከዚያ እጇን ወደ መንደሩ ዘርግታ፣ የት ልሂድ እንደማለት፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የሌቾሎ ሚስት በዚያ ሳምንት ሕፃን ቀብራ ነበር። ጡቷ ወተት እንደያዘ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ቤቱን በጣቴ አሳየኋት።»

ማ ቲሮ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሄደች። ሲነጋ አንቺ እዚያ ቤት ነበርሽ። እሷን ከመንደሩ ውጭ፣ ከግራር ሥር ሞታ አገኟት። በሽታ ይዛ መጥታለች ብለው ፈሩ፤ እዚያው ቀበሯት። የሌቾሎ ሚስት ማንም እንዳያወራ አስማለችኝ።»

«ስሟ ማን ነበር?»

«አልጠየቅኋትም።» ማንኪያውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ልጅ ነበርኩ። ስም የሚጠየቅ አልመሰለኝም።»

ማ ቲሮ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ተነሡ» አለቻቸው። «ቦታውን ያሳዩኝ።»

ሦስታችንም ወጣን። ራ ጋሌቦዌ ከፊት፣ እሷ ከኋላቸው፣ እኔ ከእሷ ኋላ። ከሐዲዱ ባሻገር ያለው ሜዳ ስንደርስ ቆሙ። ፊት ለፊታችን ሁለት ግራሮች ተራርቀው ቆመዋል፤ ሁለቱም ያረጁ ናቸው።

«ይሄኛው ነው» አሉ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። «አይ፣ ያኛው። ያኔ አንድ ዛፍ ብቻ ነበር።»

ማ ቲሮ ሻሿን ፈትታ በእጇ ይዛ ሄደችና ከመጀመሪያው ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

ራ ጋሌቦዌ አሸዋው ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ሰላሳ ዓመት በጉርብትና ስንኖር ምንም ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ክርኔን ያዝ አደረጉኝ።

«መምህር» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «የትኛው ይመስልሃል?»

«እኔ እንጃ፣ ራ» አልኳቸው፤ እጄንም እጃቸው ላይ አደረግሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ማ ቲሮ ተነስታ ወደ ሁለተኛው ዛፍ ተሻገረች። እዚያም የዚያኑ ያህል እስክትቀመጥ ድረስ ጠበቅናት።