ማሽኑ ያወጣውን ፈተና ሳርም

ሳያንገራግር የሚናገር ሰው ፊት አቅም ያንሰኛል። እናንተስ? እኔማ ገና ድሮ ተማሪ ሳለሁ፣ ረጋ ብሎ፣ ቃላቱን አሰማምሮ፣ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እያለ የሚያስረዳ መምህር ካገኘሁ፣ ያለው ነገር እውነት ይሁን አይሁን መጠየቅ ትዝም አይለኝ ነበር። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አዋላጅ ነርሶችን እያስተማርኩም ይኸው አመሌ አልለቀቀኝም።

ሰኔ ላይ ለኮሌጃችን መምህራን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና ተሰጠን። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት አዳራሹ ደመና ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር፤ እኔም በጋቢዬ ተጠቅልዬ፣ ግማሽ በሕልሜ ግማሽ በውኔ አዳምጣለሁ። አሰልጣኙ የራሳችን የኮምፒውተር መምህር ነው። «ማሽኑን ጠይቁት፣ ይመልስላችኋል» አለን። «የመለሰላችሁን ደግሞ መርምሩ» ሳይልም አልቀረም፤ እሷን ሲል ግን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር መሰለኝ።

በተራዬ፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም ፈተና ከነመልሱ እንዲያወጣልኝ ጻፍኩለት። ያውም «እባክዎ» ብዬ! አትሳቁ፤ ያን ያህል የሚያውቅን ነገር አንተ ማለት ከበደኝ። እኔ ሦስት ቀን የምለፋበትን አፍታም ሳይቆይ ደረደረልኝ። ደስ አለኝ፤ እንዳለ አትሜ ተማሪዎቼን ፈተንኩበት።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እያንሾካሾከ፣ የማሽኑን መልስ አጠገቤ ዘርግቼ ሳርም የዓለምነሽ ወረቀት ደረሰ። የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ። ጥያቄው «የወለደች እናት ደም አልቆም ቢላት በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እሷ «ሰው እጠራለሁ፣ ወዲያው ማህፀኗን አሻለሁ» ብላለች። የማሽኑ መልስ «ለአልትራሳውንድ መላክ» ነው። ኤክስ አደረግሁባት። በዚያች ኤክስ ለጥቂት ወደቀች፤ መውደቅ ማለት ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ወደ መጨረሻው ልምምድ አለመውጣት፣ ዓመቱንም መድገም ነው።

በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አንገቷን ደፋች።

«ሲስተር፣ ይጁቤ ጤና ጣቢያ እጄን ይዘው ማህፀን ያሳሹኝ እርስዎ ነዎት። ሴትዮዋም ተርፋለች» አለችኝ። ቀና ብላም፣ «ታዲያ የትኛውን ልርሳ?»

ያ ቀን መጣብኝ፤ የዓለምነሽ ቀዝቃዛ ጣቶች ከመዳፌ ሥር፣ ከሥራቸው ደግሞ እንደ ሊጥ የላላው ማህፀን ቀስ በቀስ ሲጠነክር። አልትራሳውንድ ቀርቶ የሚበራ አምፖል እንኳ አልነበረንም። ስንት እናት ባተረፍኩበት እጄ ነው ትክክለኛውን መልስ ኤክስ ያደረግሁት። በጣም አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄያት ነጥቧን እዚያው መለስኩላት፤ የሌሎቹንም ወረቀት አንድ ሳይቀር ደግሜ አየሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩን ውጬው ልቀር አስቤ ነበር። ዓርብ በመምህራን ስብሰባ ላይ ግን ሳላስበው ተነስቼ ከሀ እስከ ፐ ዘረገፍኩት። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ማንም ፈገግ አላለም። አንድ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ባልደረቦቼ ያረሟቸውን የፈተና ወረቀቶች እያወጡ፣ አቀርቅረው እንደገና ማንበብ ጀመሩ።

መጀመሪያ ዚፑን የከፈተው አሰልጣኛችን ነበር።