ጋሼ መኮንን ፍሪዌይ ሲገቡ

ፍሪዌይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መብራት የለው፣ ማቋረጫ የለው፣ ዞሬ ልመለስ ቢሉ መዞሪያ የለው። ከሁሉ የከፋው ግን ሳይጋበዙ ዘው ብለው የሚገቡበት መንገድ መሆኑ ነው። ይህን ነውር ጋሼ መኮንን እንዴት ይቻሉት? እሳቸው እኮ በር ላይ "እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ግብዣው የሚያልቅባቸው ሰው ናቸው።

ባለፈው እሁድ የወንድሜን ልጅ ክርስትና ሊያነሱ ከሰፈራችን ከክሬጊበርን ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ወደ ዋይንድሃም ቬል ይዘውኝ ሲሄዱ፣ ፍሪዌዩ መግቢያ ጫፍ ላይ መኪናዋን ቀጥ አደረጓት። የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ በእጃቸው "ይለፉ፣ ይለፉ" ይላሉ። ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ።

"ጋሼ፣ ነዳጅ ሰጥተው ይግቡ እንጂ!"

"ማን ግባ ብሎኝ?"

በመጨረሻ አንዲት ሴት መብራት ብልጭ አድርጋ አስገባችን። ጋሼ በስፖኪዮ እያዩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። እሷም እጇን አነሳች። እሳቸው ደገሙ። እንዲህ ሲመሰጋገኑ መውጫችን አለፈን። ተራ መንገድ ቢሆን ዞረን በተመለስን ነበር!

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሕፃኑ ተጠምቆ አልቋል፤ አንድ የማናውቀው ሰውዬ በክርስትና አባትነት አቅፎታል።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና በሹክሹክታ፦

"ማን ግባ ብሎት?"