ምንጩ ላይ የተኛችው ዘንዶ

ፍትሕ እወዳለሁ የሚል ሰው ሁሉ የሚወደው በሌላው ላይ ሲፈረድ ነው። አትቆጡ... ራሴንም ጨምሬ ነው!

የልጅ ልጄ ሩት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በቀደም እሁድ ሁለት ጓደኞቿን፣ አንድ ደብተርና የሉዶ ዳይስ ይዛ ሳሎኔ ውስጥ ተሰየመች።

«እማማ፣ ታሪኩን እኔ ጽፌዋለሁ፤ ጨዋታውን አንቺ ምሪልን። አንቺ ዘንዶዋን ትሆኛለሽ፣ እነሱ የመንደሩ ሰዎች።»

«ሰይፍ አላቸው?»

«የላቸውም። በአፋቸው ብቻ ነው የሚያሸንፉሽ።»

በአፍ? እኔን?! ወንበሬን ሳብኩና ሕግ አወጣሁ። ሶንጎ በሚባለው የአገራችን ሸንጎ ላይ እንደሚቀመጡ ሽማግሌዎች፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይናገርም። ልመናው የሚሰማው ዳይሱ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ነው። መድገም የለም፤ የወጣ ወጣ!

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመንደሩ ጥጃ የዘንዶዋን እንቁላል ረግጦ ሰበረ። እሷም ተናዳ ምንጩ ላይ ተኛች። መንደሩ ተጠማ።

ከጓደኞቿ አንዷ፣ ፈቲያ፣ ጀመረች። «እመት ዘንዶ፣ የእንቁላሉን እንካስሽ።»

«እንቁላል ትጥይልኛለሽ?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወረወረች። ሁለት! «አንሸራተተኝ፣ ልድገም?»

«የወጣ ወጣ!»

ሁለተኛው ጓደኛዋ ቢንያም የይርጋጨፌ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ። «እመት ዘንዶ፣ የረገጠው ጥጃው ነው። የተጠሙት ሕፃናት ናቸው። እነሱ ምን አጠፉ?»

ዳይሱን ሳይነካ አሸነፈኝ! ጠረጴዛውን መታሁ። «እውነት ነው! በእንስሳ ጥፋት ሰው ውሃ አይከለከልም! ይህቺ ዘንዶ አታፍርም? ምንጩ ዛሬውኑ ይከፈት!»

ሩት ቀስ ብላ በመስኮት ወደ ግቢያችን ቧንቧ ተመለከተች...

እናንተ እንግዲህ አታውቁም። የጎረቤቴ የዘነበች ፍየል የእንሰት ችግኜን ከበላች ወዲህ ቧንቧዬን ቆልፌዋለሁ። የዘነበች የልጅ ልጆች የሚቀዱት ከዚያ ነበር። ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ መውረድ ከጀመሩ ሦስት ሳምንታቸው ነው።

«አንቺ ተንኮለኛ!»

«እኔማ ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ የፈረድሽው አንቺ ነሽ፣ እማማ።»

ከፈረድኩ አላጥፍም። ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋት። «ክፈቺው። ዘነበች ግን ራሷ መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኝ!»

«ልጆቹን ያስጠማሽው አንቺ፣ የምትመጣው እሷ?»

«እሺ፣ ዳይስ ይፍረደን! አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ እሷ ትመጣለች፤ ካነሰ እኔ እሄዳለሁ።»

ወረወርኩ... አንድ!

«እጄን አልቦኝ ነው... ልድገም።»

ሦስቱም በአንድ አፍ ጮኹ። «የወጣ ወጣ!»

ሄድኩ። አንኳኳሁ። በሩ ሲከፈት ከዘነበች ቀድማ ብቅ ያለችው ፍየሏ ናት፤ እያመነዠከች። ምን እንደምታመነዥክ አልጠየቅኩም።