ሳይስማሙ የማያልፍ ሰከንድ

በአንድ የስዊድን የወደብ ከተማ የጀልባ ተሳፋሪዎች የመነሻ ሰዓት የሚያዩበትን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ለሰው ልጅ ያበረከተው ውለታ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አለማግኘቱ ያሳዝናል። ሌሎች ጊዜን ሲለኩ ኖረዋል፤ ይህ መሥሪያ ቤት ግን ጊዜን ስብሰባ ጠርቶ አወያየው።

ሰሌዳው አራት ክፍሎች ነበሩት፦ ሰዓት፣ ለመነሻ የቀረውን ደቂቃ የሚናገር ቆጣሪ፣ የጀልባው በር ሊዘጋ ሲል የሚቀላ መብራት፣ በስተመጨረሻም የቀረፋ ዳቦ ማስታወቂያ። በመሥሪያ ቤቱ በጸናው ሕግ አንዱ ክፍል ሌላውን ማወቅ የለበትም፤ መተዋወቅ ጥገኝነትን ይወልዳልና። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰከንዱን ለብቻው ይቆጥር ነበር። ውሎ ሲያድር ሰዓቱ «ስምንት ሆነ» ሲል ቆጣሪው «አራት ደቂቃ ቀረ» ይላል፣ መብራቱ ደግሞ ቀልቶ ጨርሷል። ተሳፋሪው የሚያምነው ቢያጣ ዳቦውን ያምን ጀመር።

ይህን እንድታስተካክል የታዘዘችው ፕሮግራመሯ ጉኔል ነበረች። ለእሷ ነገሩ የሞት ሽረት ነው። ባለፈው ዓመት ቆጣሪውን አምና ጀልባ ስላመለጣት የበጋ አጋማሽ በዓልን ደሴቱ ላይ ከአማቷ ጋር ሳታከብር ቀርታለች። አማቷ እማማ ሲግኔም «ዘንድሮ ከዋዜማው እራት ከቀረሽ ባሕሩን የሚያየውን የመኝታ ክፍል ለኤብባ እሰጠዋለሁ» ብለው ምለዋል። ኤብባ ሌላዋ ምራታቸው ናት፤ ክፍሉን ካገኘች ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ አትለቅም።

«አንድ ደወል ይኑረን» አለች ጉኔል በስብሰባው ላይ። «በየሰከንዱ ይደውል። መስማት የፈለገ ክፍል ይስማ፣ ያልፈለገ ይተው። ደወሉ ማን እንደሰማው አያውቅ፣ ክፍሎቹም አይተዋወቁ። አለቀ።»

በዚያ መሥሪያ ቤት «አለቀ» ማለት ነውር ነው። አለቃዋ ሩትገር ስኒውን በቀስታ አስቀመጠ።

«በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው» አለ። ሁሉም ሐሳቡን እንዳልወደደው ገባቸው። «ግን ደወሉ ሳይጠይቅ ነው የሚደውለው?»

«ሰከንድ እኮ ነው ሩትገር! ምን ብሎ ይጠይቅ?»

«ዝግጁ ናችሁ ወይ ብሎ ነዋ! መብራቱ ሥራ ላይ እያለ ጊዜ ጥሎት ቢሄድ ምን ይሰማዋል?»

«ምንም አይሰማውም። መብራት ነው።»

«ጠይቀሽዋል?»

«ዳቦውም ይጠየቅ ልትለኝ ነው?»

«በተለይ ዳቦው! ድምፅ የሌለውን ካልሰማን ማንን ልንሰማ ነው?»

ተሰብሳቢው በስሜት አጨበጨበ። «የሰከንዶችን ማለፍ በሚመለከት፣ ባለድርሻ ክፍሎች በሙሉ ዝግጁነታቸውን ሳይገልጹ ምንም ዓይነት ሰከንድ እንዳያልፍ፤ ካፒቴኖችም ከሰሌዳው ውጭ በሌላ ሰዓት እንዳይመሩ» ተብሎ ተወሰነ። ጉኔል ልትቃወም አፏን ከፈተች፤ የተቃወመ ሰው ሌላ ስብሰባ እንደሚያስጠራ ትዝ ሲላት ግን መልሳ ዘጋችውና እጇን አወጣች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ያንን ቀን ድሩ አብሮ ነበር።

ጉኔል ደወሉን በውሳኔው መሠረት ሠርታ ሰሌዳው ላይ ገጠመችው። በበዓሉ ዋዜማ አውቶቡሱ ሞልቶ ዘገየች። ከስምንት ሰዓቱ የመጨረሻ ጀልባ ለመድረስ የእንጆሪ ኬኳን ታቅፋ እየሮጠች ወደቡ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጀልባው ግን ቆሟል! ሰሌዳው ላይ ሰዓቱ ለስምንት ሦስት ጉዳይ ነው፣ ቆጣሪው ሦስት ደቂቃ ይላል፣ መብራቱም አልቀላም። አራቱ ክፍሎች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ልብ ሆነዋል። ጉኔል በደስታ እንባዋ መጣ።

«እማማ ሲግኔ፣ ተሳፍሬያለሁ! ሦስት ደቂቃ ነው የቀረን» አለች በስልክ።

የኬኩ ክሬም መቅለጥ ሲጀምር አማቷ ደወሉ። «የት ደረስሽ?»

«ሦስት ደቂቃ ቀርቶናል።»

«ቅድምም ሦስት ነበር እኮ ልጄ!»

ጉኔል ወደ ካፒቴኑ ሮጠች። «የእጅ ሰዓትህ ስንት ይላል?»

«አሥር።»

«ታዲያ እንሂዳ!»

«መመሪያው በስምንት ተነሱ ይላል። ስምንት ገና ነው።»

«ፀሐይዋን አታያትም?»

«ፀሐይ ስብሰባው ላይ አልነበረችም» አለ ካፒቴኑ፣ እግሩን አንፈራጥጦ።

ሰሌዳውን ቀና ብላ ስታይ ምሥጢሩ ገባት። የበዓሉ ሕዝብ ሁሉ ስልኩን ሲነካካ ኢንተርኔቱ ተጨናንቆ የዳቦው ምስል አልመጣም። ዳቦው ደግሞ «ዝግጁ ነኝ» እስኪል ሰከንዱ ደጅ ይጠናል። ለሩትገር ደወለች።

«ዳቦውን ልዝለለው?»

«ጉኔል! ሳናወያየው?»

«መቼ ነው የምናወያየው?»

«ሰኞ ጠዋት።»

«ሰኞ በየትኛው ሰዓት ነው የሚመጣው? በሰሌዳው ነው?»

«በሰሌዳው ነዋ! አብረን ወስነን የለ?»

መሥሪያ ቤቱ ባወጣው መግለጫ በዕለቱ አንድም ጀልባ እንዳልዘገየ፣ አንድም ተሳፋሪ እንዳላመለጠው በኩራት አስታውቋል። እውነት ነው፤ ጉኔል ራሷ ምስክር ናት፤ እዚያው ተቀምጣ ኬኩን በጣቷ እየበላች ነበር።

ስልኳ ጮኸ።

«ክፍሉን ለኤብባ ሰጠሁት» አሉ እማማ ሲግኔ።

«እንዴ! ማንን አማክረው?»

«ማንንም።»

ጉኔል ጣቷን ላሰች። በዚያ ቀን በሰዓቱ የተፈጸመ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።