የጋሽ ወልደገብርኤል ሚኒቫን

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ የመኪናውን የዘር ሐረግ ከራሱ ሐረግ አስረዝሞ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። የእኛ የቶሮንቶው ሊቀ ሞተር ጋሽ ወልደገብርኤል ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸውም "ሲያንሰኝ ነው" በሚል ፊት ተቀብለውታል።

ቶርንክሊፍ ፓርክ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር የምትቆመው ሚኒቫን መጀመሪያ የአንድ ግሪክ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ብዙ ልጆች ያሏት አንዲት ነርስ ከእሱ ገዛቻት፤ ከነርሷ ወደ ጋሽ ወልደገብርኤል መጣች። ይህን ታሪክ ሳይሰማ ቀበቶ ያሰረ ተሳፋሪ የለም። "ዘይት መጠጣት የለመደችው ነርሷ ጋ ነው" ይላሉ፤ "ከዳቦ ጋጋሪው ቤት በጨዋነት ነው የወጣችው።"

ሕመሟ ብዙ ነበር። ጠዋት ሲያስነሷት ታስላለች። ካምቢዮዋ ማርሽ ለመቀየር ሲያንገራግር "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" እያሉ ይመክሩታል። ሞተሩ መታመሙን የሚናገረው ቢጫ መብራት በርቶ ስለቀረ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቆንጂት የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ለጥፈውበታል።

"እትዬ፣ መብራቱ እኮ አይታይም" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እሱ ያየዋል" አሉኝ።

የከተማችን ሐበሻ ግማሹ ካናዳን መጀመሪያ ያየው በዚያች መኪና መስኮት ነው። ሰው ሲመጣ ኤርፖርት የሚሄዱት ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው፤ ሌላ ሰው መጠየቅ ነውር ነበር። እናቴ የመጣችው በጁላይ ሙቀት፣ ጋቢዋን ደርባ ነው። ፎር ኦ ዋን አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ መፍላት ጀመረ። ጋሽ ወልደገብርኤል ሳይደነግጡ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ ትኩሳቱ ወደ እኛ ሲወጣ ለሞተሩ ይቀልለታል። እናቴ ጋቢዋን ጥላ ዞር ብላ አየችኝ።

"ብርድ አገር ነው አላልከኝም?"

"እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡ" አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። "ታማለች እንጂ አልሞተችም።"

ላብ በላብ ሆነን ደረስን። ኮፈኑን ከፍተው ጆሯቸውን አዘነበሉና "ሞተር አይዋሽም" አሉ። "ይህች ሰው ማድረስ ትወዳለች።"

ባለፈው መከር ግን ሞተሩ ራሱ ተሰነጠቀ። ልጃቸው ሐሴት "አባ፣ ኢናፍ ነው፤ ስክራፕ እናድርጋት" አለች። ወደ ብረት መጣያ የሚወስዳት ጎታች መኪና ሲመጣ ጋሽ ወልደገብርኤል ሥዕሉን ቀስ ብለው ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፣ በሯንም እንደ ወትሮው በዝግታ ዘጉላት።

ከዚያ በኋላ ስልካቸው ዝም አለ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የሚፈልጋቸው ሁሉ የሚደውለው ለኤርፖርት ነበር። አሁን ሁላችንም መኪና አለን። እኛ የምናስበው ስለ መኪናዋ ነበር እንጂ ስለ ሾፌሩ አልነበረም። ወይዘሮ ቆንጂት "መስኮት ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ ሲያዳምጥ ይውላል፤ እህልም አይበላልኝ" ሲሉኝ ሰውዬው አንጀቴን በሉት።

የእኔ መኪና አዲስ ናት፤ መነሳቷ እንኳ አይሰማም። ቅዳሜ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ሞተሬ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሐሙስ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ይመጣል። እባክዎ ይዩልኝ።"

ስደርስ ኮታቸውን ለብሰው ደጅ ቆመዋል። ኮፈኑን አስከፍተው አዳመጡ። በግራ ጆሮ ሰሙ፣ በቀኝ ደገሙ። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። በመጨረሻ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "ሞተር አይዋሽም።"

ኮፈኑን በዝግታ ዘጉት። ከዚያ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሥዕሉን ከኪሳቸው አወጡ፣ አንድም መብራት ያልበራበት ዳሽቦርድ ላይ ለጠፉት።

"ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የሚያርፈው?"