ቧንቧችንን ያመሰገንኩ ቀን

ሰውን በስድብ ማስቀየም ቀላል ነው፤ ማንም ይችለዋል። በምስጋና ማስቀየም ግን ትምህርት ይጠይቃል። ትምህርቱም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይሰጣል፤ ስሙ ምጸት ይባላል። ያስተማሩን ቲቸር ተካ ናቸው። (አማርኛ አስተማሪም ቢሆን ቲቸር ነው፤ አትሳቁ።)

«አፍ የሚለው ሌላ፣ ልብ የሚለው ሌላ ሲሆን ምጸት ነው» አሉን። አንዱ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣና «እንደ ስብሰባ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ተካ በሩን ዘጉና «ቀጥሎ ስላቅን እንመለከታለን» አሉ።

እኔ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መልሱን ባውቀው እንኳ ከእጄ ቀድሞ ልቤ ይነሳል። ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት አፍጥጦ አያይም። ስለዚህ በምጸት አንድ ገጽ ጻፉ ስንባል ደስ አለኝ። የሰፈራችንን ቦኖ መረጥኩ።

ቦንጋን ለማታውቁ፣ እዚህ ዝናብ እንደ ዘመድ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሲመጣም ይሰነብታል። ጫካው፣ ጣሪያው፣ ደብተራችን ሳይቀር እርጥብ ነው። በከተማው ደረቅ ነገር ቢፈለግ የእኛ ቦኖ ነው። ቧንቧው ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የውሃ ጽሕፈት ቤታችን ከሰማይ ጋር ላለመፎካከር ቧንቧውን ዝም ማሰኘቱ ትሕትናውን ያሳያል። እናቶቻችንም ጄሪካን አዝለው ምንጭ ሲወርዱና ሲወጡ ጤናቸው ይጠበቃል።»

ቲቸር ተካ አሥር ከአሥር ሰጡኝ። ከሥሩም «ለብልህ አይነግሩም» ብለው ጻፉበት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ርዕሰ መምህሩ ግን ወረቀቱን ከአስተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ አግኝተው አነበቡት። ወደዱትም። «የልማት ጽሑፍ ማለት እንዲህ ነው! በወላጆች ቀን እንግዶች ፊት ታነቢዋለሽ» አሉኝ። ከእንግዶቹ አንዱ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ከወላጆቹ አንዱ ደግሞ አባቴ ነው።

የአባቴን ሥራ እስካሁን ስላልነገርኳችሁ ይቅርታ። የዚሁ ቦኖ ጠባቂ ነው። ጠዋት ይከፍተዋል፣ ማታ ይቆልፈዋል። ቢደርቅም ያው ነው፤ የተቀጠረው ለመክፈትና ለመቆለፍ ነው። በዚያ ሳምንት መሥሪያ ቤቱ ግምገማ ላይ ነበር፤ ኃላፊው ምጸቱ ከገባቸው አባቴ በማግስቱ ቁልፉን ያስረክባል። ቲቸር ተካን «ንባቡን አስቀሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔም ቤተሰብ አለኝ» አሉኝ።

አነበብኩ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ «ከስሜት ነው» ተባለልኝ። «ትሕትናውን» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጭብጨባ!

ኃላፊው ተነሥተው «ሕዝቡ እንዲህ ከተረዳን ምን እንፈልጋለን?» አሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲነገራቸው አባቴን መድረክ ላይ ጠርተው አቀፉት። ግምገማው ሲጠናቀቅም «አንድም ጠብታ ሳያባክን በመሥራቱ» ተብሎ የሞዴል ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ተሰጠው።

እንዳይገባቸው ስፈራ ከርሜ፣ ለካስ ማንም አልገባውም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በቀን ሁለቴ ምንጭ የሚወርዱ ሴት ናቸው። ያነበብኩትን ሰምተው ኖሮ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ነይ እስቲ የእኔ ካድሬ፣ አንቺም ጤናሽን ጠብቂ!» ብለው ሃያ ሊትሩን ጀርባዬ ላይ ጫኑብኝ። ከዚያ በካፊኖኖ የጨመሩትን አልተረጉመውም። እሱ ምጸት አልነበረም።

ለቲቸር ተካ ብነግራቸው በጣም ተደሰቱ። «ይኼ የሁኔታ ምጸት ይባላል፤ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ እንደርስበታለን» አሉኝ።

አባቴ የምስክር ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሲጠቀልል አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ደስ ያለው መሰለኝ። አንዴ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ ሳያየኝ ተናገረ።

«ሌላ ጊዜ ስትሰድቢን በግልጽ ስደቢን፣ ልጄ። እኔ እባረር ነበር። ቧንቧው ግን ምናልባት ይጠገን ነበር።»