አማቼና አየር ማረፊያቸው

ዓለምን እንደ አዲስ ካልሠራሁ ብሎ አንድ ክፍል ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ከየቤተሰቡ አይጠፋም። በእኛ ቤት ይህ ዕጣ የወደቀው በባለቤቴ ታናሽ ወንድም ላይ ነው። ክቡርነታቸው ቀን መነጽር ይሸጣሉ፤ ከሥራ በኋላ የከተማችንን ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ በኮምፒውተር ይገነባሉ፤ የአብራሪነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች እንዲያርፉበት ነው አሉ። የሌለ አውሮፕላን እንዲያርፍበት ያለ አየር ማረፊያ ለምን ዳግመኛ እንደሚሠራ ደጋግመው አስረድተውኛል፤ ባስረዱኝ ቁጥር ግራ መጋባቴ ይብስብኛል።

ሚስታቸው «ጣራው ያፈሳል» ሲሏቸው፣ «የትኛው ተርሚናል?» ይላሉ። የማረፊያውን አጥር ፎቶ ሲያነሡ ጥበቃዎች ይዘዋቸው፣ «ዝገቱ አምሮኝ ነው» በማለታቸው ግማሽ ቀን ታግተው ውለዋል።

እኔም በስተእርጅና፣ ልጄ ወልዳ የልጅ ልጄን ለማየት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልሳፈር ሆነ። መፍራቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ እሳቸው ግን ገባቸው።

«ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ይጠፋሉ?» ብለው ከስክሪኑ ፊት አስቀመጡኝ፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሦስተኛው በር ያለውን መንገድ እስኪሰለቸኝ አመላለሱኝ።

ቀኑ ደርሶ ከመኪናቸው ወረድኩ፤ ሦስተኛውን በር በኩራት ገፋሁት። የሰው ጎርፍ ተቀበለኝ። ስልክ ደወልኩላቸው።

«ገብቻለሁ፤ ከዚህ ወዴት ነው?»

«ጋሼ… ውስጡን እኮ አልሠራሁትም። ከሰማይ አይታይማ!»

«ይህ ሁሉ ሰውስ? አንድ ሰው እንኳ አላሳየኸኝም!»

«ሰው ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል።»

እያለከለኩ መጡ። አላፊ አግዳሚውን እየጠየቁ፣ እጄን ይዘው ሲያሯሩጡኝ የመጨረሻው ጥሪ ተሰማ፤ በዚያው ቅጽበት ቀጥ ብለው በመስታወቱ አሻግረው ማየት ጀመሩ።

«ጋሼ! የመብራቱ ምሰሶ ሦስት አምፖል ነው ያለው! እኔ ሁለት ነው ያደረግኩት!»

«አንተ ሰው፣ ልጄ ትጠብቀኛለች!»

ከተሳፋሪው ሁሉ የመጨረሻው ሆኜ ገባሁ። አውሮፕላኑ ሲነሣ የጨፈንኩትን ዓይን እንደ ምንም ብገልጠው፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎቹና የዛገው አጥር ልክ እሳቸው ስክሪኑ ላይ ባስቀመጡበት ቦታ ተቀምጠዋል። በዚያ ቀን የማውቀው ነገር ያ ብቻ ነበር፤ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

የልጅ ልጄን ስሜ ተመልሼ ስመጣ፣ ወደ ክፍላቸው ጠሩኝ። በዚያ ባዶ አየር ማረፊያ፣ ሦስተኛው በር ላይ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ ሻንጣ የያዘ አንድ ሽማግሌ ቆሟል።

«ይህ ደግሞ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩ ትንሽ ተንቀራፍፎብኛል፤ ይሁን፣ ምን ይደረግ።»

ግራ መጋባቴን ሳይቀር ፊቱ ላይ አኑረውታል። አሁን በየሳምንቱ ብቅ እያልኩ፣ ቦታዬ ላይ መቆሜን አረጋግጬ እመለሳለሁ። ለምን እንደማደርገው ግን ዛሬም አልገባኝም።